ሎጊያ ላይ ማሞቂያ

ጥቅምት 12 ቀን 1962

የማታ ትምህርት ቤታችን መምህርት ሮማነወርቅ «ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው በየቀኑ ካልጻፈ እጁ ይረሳዋል» ብላናለች። ስለዚህ እጽፋለሁ እንጂ የምጽፈው ኖሮኝ አይደለም። ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው፤ «ሀ ሁ» ካልኩ ግን ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ቀን ቀን ለጥጥ እርሻው ጸሐፊዎችና መሐንዲሶች ወጥ እሠራለሁ። ነፋሱ ገጹን እየገለበጠ አላስጽፍ ስላለኝ ሟቹ ባሌ ጉልላት ከተወው ቆርቆሮ ውስጥ ያገኘሁትን ክብ ናስ ጫንኩበት። ምን እንደሆነ አላውቅም። እንደ ባለቤቱ ከባድ ነው፤ እንደ ባለቤቱም ለምን እንደተቀመጠ አይናገርም።

ዛሬ ከወረኢሉ ደብዳቤ መጣ። ራሴ አነበብኩት። ሽንኩርቱን ጥጄ ጀመርኩ፣ ወጡ ሳያርርብኝ ጨረስኩ። የጻፈችው የእህቴ የስንቅነሽ ጎረቤት ንጋትወርቅ ናት። ስንቅነሽ አልጋ ይዛለች። የደሴው ሐኪም ደረቷን አዳምጦ «የታኅሣሥ ውርጭ ሳይብስ ቆላ ውረጂ፤ ወረኢሉ ከከረምሽ ሳንባሽ አይችልም። ስትወርጂም በመንገድ ብርድ አያግኝሽ» ብሏታል። ቆላ ያላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

አልሄድም።

ጥቅምት 13

አልሄድም ብያለሁ።

ስንቅነሽ ለማታነብ እህቷ የእናትን መርዶ በወረቀት የላከች ሴት ናት። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጉልላት ያኔ አሰብ ወደብ የእርሻውን መኪኖች ሊያወርድ ሄዶ ነበር። ደብዳቤው የሰላምታ መስሎኝ ከወር በላይ ስኳር ቆርቆሮው ሥር አስቀመጥኩት። ከላዩ ላይ ስኳር እየጨለፍኩ ሻይ ጠጣሁ። ጉልላት መጥቶ ገለጠውና «እናትሽ…» ብሎ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «በቃ! ከዚህ ወዲያ አንዲት ቃል እንዳታነብ» አልኩት። አርባዋ አልፎ ነበር። መርዶ በሰው ነው የሚነገር። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ የሚይዝሽ ሰው ኖሮ። ወረቀት በምን እጁ ይይዛል?

ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩላትም። መጻፍም አልችልም ነበር፤ ቢሆንም ብችልም አልጽፍላትም ነበር።

ጥቅምት 15

ጥጋቡን የመኪናውን ዘይት ቀይር አልኩት። ጥጋቡ ጉልላት ከእርሻው የገዛውን አሮጌ ላንድሮቨር የሚነዳልኝ ሰው ነው፤ ከሎጊያ ሚሌ፣ ከሚሌ ኮምቦልቻ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። ወሬ ይወዳል።

«እትዬ፣ ሩቅ መንገድ ነው?» አለኝ።

«ዘይት ቀይር ነው ያልኩህ።»

«ወረኢሉ ከሆነ ብርድ ነው። ግን አያስቡ፣ ይቺ መኪና ማሞቂያ አላት። ጉጉፍቱ ሜዳ ላይ እንኳ ነጠላ ታስጥላለች።»

ስለ ወረኢሉ ማን ነገረው?

ጥቅምት 27

ሥራ በዛ። የጥጡ ለቀማ ደርሶ እንግዳ መጣ። ሁለት ጋቢ ገዛሁ። ለራሴ ነው። ሎጊያ ውስጥ ጋቢ የገዛች ሴት ብሎ ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ኅዳር 6

ደርሼ ተመለስኩ። ባዶዬን። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ደሴ አድረን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወረኢሉ ገባን። ስንቅነሽ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከሁለታችን ትልቋ እሷ ናት፤ አሁን ግን የሕፃን ያህል አንሳለች። ብዙ አየችኝና «መጣሽ?» አለች።

«መኪናው ነው የመጣው» አልኳት።

ሳቋን ሳል ቀማት። ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበር። አባታችን ቄሱን ቤት አምጥቶ ሁለታችንንም ፊደል ሊያስቆጥረን ጀምሮ ነበር። እሷ በደረቷ ምክንያት ከቤት አትወጣምና ተማረች። እኔ ጤነኛ ስለሆንኩ ውሃ ቀዳሁ። በሕመሟ ፊደል አተረፈች፤ በጤናዬ እንስራ አተረፍኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በማግስቱ በሁለት ጋቢ ጠቅልለን አሳፈርናት። ጉጉፍቱ ላይ ስንደርስ ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ ፉጨት ጀመረ። ጥጋቡ እየተኩራራ የማሞቂያውን እጀታ ጎተተው። ማራገቢያው ዘፈነ። የወጣው አየር ግን የዋሻ አየር ነው። መስታወቱን ጉም ሸፈነው፤ ጥጋቡ ባርኔጣውን አውልቆ በአንድ እጁ ይወለውላል፣ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በአፉ «አሁን ይሞቃል፣ አሁን ይሞቃል» ይላል። ስንቅነሽ ሳሏ አላቋርጥ አላት። ከንፈሯ ጠቆረ። ወደፊት ያለው ሜዳ ገና ብዙ ነው፤ ወደኋላ ይቀርባል። «መልስ!» አልኩት። መለሰ።

ቤቷ ገብታ እሳት ዳር ትንፋሿ ሲመለስላት፣ «ውቤ፣ እኔን ትተሽ ብርዱን ነው እንዴ ያሳፈርሽው?» አለችኝ።

ውቤ የሚለኝ ሌላ ሰው በሕይወት የለም።

ማሞቂያውን አሠርቼ እመለሳለሁ አልኳት። ወር አይሞላም አልኳት። ንጋትወርቅ በር ላይ ሸኝታኝ፣ ቀስ ብላ «ወር አለን ብለሽ ነው?» አለችኝ።

ኅዳር 7

መኪናውን ግራሩ ሥር መካኒኩ ሱሩር ጋ ወሰድኩት። ሱሩር የባቲ ሰው ነው፤ ከአሰብ የሚመጣ መኪና ሁሉ በእጁ ያልፋል። ረመዳን ከገባ ጀምሮ በጾም አፉ ድንጋይ ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚውለው።

«ሱሩር፣ ማሞቂያው ደካማ ነው፤ ሥራልኝ» አልኩት።

ተነሥቶ ተቀመጠ። «እትዬ ውባየሁ፣ ይድገሙልኝ እስቲ።»

«ማሞቂያ።»

ሻይ ቤት ያላት ኡምሰልማ ከወዲያ ሆና ሰማች። «ሎጊያ ላይ ማሞቂያ! ዓሣ ላይ ውሃ ርጪ በሉኛ!» አለች። ሰው ተሰበሰበ። ሥራ ፈት ሁሉ እኔን ሊያይ መጣ።

ሱሩር ሞተሩን አስነሣ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ማሞቂያውን ከፈተ፣ ውስጥ ተቀመጠ። ብዙም አልቆየ፤ ከወንዝ እንደወጣ ሰው ውሃ ሆኖ ወጣ። «ወላሂ ገሃነም ነው! ምን ጎደለው? ይሠራል!»

ሰው ሳቀ። እኔም ልሄድ ነበር። ግን ሃያ ዓመት ድስት ስቀምስ የኖርኩ ሴት ነኝ። «አሁን ዝጋውና ማራገቢያውን ብቻ ተወው» አልኩት። ዘጋው። እጁን አስጠጋ። እንደገና አስጠጋ።

«ያው ነው» አለ።

«ያው ከሆነ የሎጊያን አየር ነው የሚነፋልህ። ወረኢሉ ሲሆን የወረኢሉን ይነፋል።»

ለዚህ ነው ጥጋቡም የተሞኘው። እዚህ አገር ማሞቂያ ሞከርኩ የሚል ሁሉ ፀሐይዋን ነው የሞከረው።

ኅዳር 8

እንግዳ አለ። ሦስት ድስት። ሱሩር የራዲያተሩ ውሃ ሙሉ ነው አለ። ሰሞኑን ማሞቂያውን ይፈታዋል። ስንቅነሽ ዛሬ እንዴት አድራ ይሆን? ማለቴ አየሩ።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ ግን ጋራዥ ዋልኩ። ይቅር ይበለኝ።

ሱሩር ከመሪው በታች ያለችውን የማሞቂያውን ሣጥን ፈታ። የሞተሩ ሙቅ ውሃ በአንድ ጎማ ይገባባታል፣ በሌላው ይወጣል፤ ማራገቢያው ያን ሙቀት ነው ወደ ሰው የሚነፋው። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ሳውቅ ተናደድኩ። ጉልላት አሥራ አምስት ዓመት ስለ መኪና ሲያወራኝ እንደ ሰማይ አርቆ ነበር የሚነግረኝ።

ሱሩር ውሃ በኃይል ለቀቀባት። የወጣው ጭቃ ነው። ቡናማ፣ ወፍራም። ሾፌሩ ሁሉ ከአዋሽ በባልዲ እየቀዳ ነው ራዲያተሩን የሚሞላው፤ ወንዙ ደለሉን እዚያች ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል። ሱሩር በጣቱ አሽቶ አየው።

«እትዬ፣ እርሻው ያላወቀው መሬት አለዎት። ጥጥ ቢዘሩበት ይበቅላል።»

«ለቀማው ላይ አንተን እቀጥርሃለሁ» አልኩት።

ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ አጠብናት። ዛሬ ደስ አለኝ። ብዙ ጊዜ ደስ ሲለኝ አንድ ነገር ይመጣል።

ኅዳር 19

መጣ። ጥጋቡ ጭነት ይዞ ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር፤ በንጋት እስከ ደሴ ወጥተህ ሞክረው ብዬው ነበር።

«እንዴት ነው?»

«ከፊቱ ይሻላል እትዬ።»

«ምን ያህል?»

አሰበ። «የላም ትንፋሽ ያህል።»

«እንግዲያው ላም እንጫን!» አልኩት።

ጮህኩበት። ኋላ አዘንኩ፤ ምስኪን፣ ሌሊት ተነሥቶ ነው የወጣልኝ። ምሳ ሰጠሁት። የነቢያት ጾም ስለሆነ ያው ሽሮ ነው። አልቀየመኝም፤ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ኅዳር 21

ከስንቅነሽ ደብዳቤ። በራሷ እጅ። ፊደሉ ይንቀጠቀጣል።

«ውቤ፣ ትናንት የባቄላው ማሳ በውርጭ ነጣ። አንቺ አትድከሚ። አንዴ አይቼሻለሁ፣ ይበቃኛል።» ከዚህ ሌላ የለም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጽሕፈቷ ስለማይነበብ ነው።

ይበቃኛል ትላለች! መቼም ቢሆን ለራሷ ትንሽ ወስዳ ጥፋቱን ሰው ላይ መጣል ትወዳለች። መልስ ጻፍኩ። ለእሷ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነው፤ ከሰላምታው በኋላ አንድ መስመር ብቻ ሆነልኝ። «እመጣለሁ። እንዳትሞቺ።» ሳነበው ነውር መሰለኝ፤ ግን ፖስታው ተዘግቶ ነበር።

ኅዳር 24

ዛሬ የሆነውን አንዱንም አልረሳም።

ሥራ ሳልገባ፣ ፀሐይ ሳትከር ጋራዥ ሄድኩ። ሱሩር የሌሊቱን የጾም ምግብ፣ ሱሑሩን፣ በልቶ አልተኛም፤ ጥጋቡም መጥቶ ነበር። ሞተሩ ረጅም ጊዜ ይነሣ አልኩ። ከዚያ ኮፈኑን አስከፈትኩና ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ጎማ በእጄ ጨበጥኩት።

«እትዬ ይቃጠላሉ!» አለ ጥጋቡ።

«ዝም በል፤ ለድስት ጨርቅ ይዤ አላውቅም።»

የሚገባውን ያዝኩ፤ ለብ ያለ። የሚወጣውን ያዝኩ፤ ለብ ያለ። ሣጥኗ ብትደፈን ኖሮ አንዱ ሙቅ፣ አንዱ ቀዝቃዛ በሆነ ነበር። ሁለቱም ለብ ካሉ ሣጥኗ ምን አጠፋች? የሚመጣላት ውሃ ራሱ አልሞቀም። ክዳን የሌለው ድስት ማገዶ ይበላል እንጂ አይፈላም።

«ያቺ የሙቀት መርፌ ለምን አትነሣም?» አልኩት ጥጋቡን።

ደረቱን ነፋ። «እሷ እኮ ኩራቴ ናት እትዬ! በሰመራ ሜዳ፣ በቀትር፣ ሌላው መኪና ሲንተከተክ የእኔ መርፌ ግማሽ አትደርስም።»

«ደጋስ?»

«ደጋማ ጭራሽ አትንቀሳቀስም።»

ሱሩር ግንባሩን መታ። «ያ አላህ! ያ አላህ! እኔው ነኝ እኮ ያወለቅሁት!»

«ምኑን?»

«ቴርሞስታቱን። እኔና ጋሽ ጉልላት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ መኪናውን በገዙ ሳምንት። እዚህ አገር መኪና ሲመጣ እሱን ማውለቅ የሕፃን እትብት እንደመቁረጥ ነው፤ ማንም አይጠይቅም። የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ በር ነው፤ ሲሞቅ ይከፍታል። እዚህ ሰው ሁሉ ውሃው እንዳይሞቅ ነው ዱዓ የሚያደርገው። በሩን ምን ያደርግለታል? ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጄ ያጠፋሁትን በዓይኔ ስፈልግ ነበር!»

«አሁን ይገኛል?»

«ከአስመራ ወይ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። እስኪመጣ ወር።»

ወር። የባቄላው ማሳ ታየኝ።

«ምን ይመስላል?» አልኩት፤ ለወጉ።

«ክብ ናስ ነው። የስኒ አፍ ያክላል። መሀሉ ላይ ትንሽ ክዳን አለው፣ ከሥሩ…»

የቀረውን አልሰማሁም። ቤቴ ሄድኩ። ደብተሬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ስጽፍ፣ ኅዳር ከገባ ወዲህም «ማሞቂያው ደካማ ነው» ስል ከእጄ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ወረቀቴን ይዞልኝ ነበር።

ቆርቆሮውንም አወረድኩት። ቁልፍና መርፌ ነው የማስቀምጥበት። ክዳኑ ዘይትና አቧራ ቢጠጣም አጥቤው አላውቅም። በአመድ ፈተግኩት። ከሥሩ ነጭ ቀለም ወጣ፤ ፊደል ነው፣ የጉልላት ፊደል። ቀስ ብዬ አነበብኩት።

«ደጋ ስንወጣ የሚገባ።»

አንድም ቀን ደጋ እንሂድ ብሎኝ አያውቅም። ወይም ብሎኝ ነበር። አንዴ ሁለቴ። እኔ ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

«ስንወጣ» ይላል። ማንና ማን?

ኅዳር 25

ሱሩር «አምስት ዓመት የተኛ ነገር ነው፤ ሞቶ ይሆናል። መሞከር አለበት» አለ። እንዴት ይሞከራል ብዬ ስጠይቀው «በሙቅ ውሃ» አለኝ። ይህማ የእኔ ሥራ ነው!

ማታ ወጥ ቤቴ መጣ፤ ማፍጠሪያው ሊደርስ ትንሽ ቀርቷል። ውሃ ጣድኩ። ናሱን በሽቦ አንጠልጥዬ ድስቱን ሳይነካ አሰጠምኩት። ጥጋቡም መጥቷል፤ ኡምሰልማም «ላያችሁ ነው» ብላ ቴምር ይዛ መጣች። አራታችን አንድ ድስት ከበን ቆምን። ውሃው ለብ አለ፤ ምንም። ጢስ አወጣ፤ ምንም።

«ሞቷል» አለ ጥጋቡ።

«ምላስህን ያዝ!»

ውሃው ጠርዝ ጠርዙን መዘመር ሲጀምር ያቺ ትንሽ ክዳን ፈቀቅ አለች። ቀስ፣ ቀስ። ከዚያ እንደ ጫጩት አፍ ከፈተች።

«አልሀምዱሊላህ!» ብሎ ሱሩር እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ያኔውኑ አዛን ተሰማ። ከት ብለን ሳቅን። አውጥቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስጨምራት ዘጋች። መልሼ ጣድኳት፤ ከፈተች። አራት ጊዜ አደረግሁት። ሁለተኛው በቂ ነበር።

ሱሩር በቴምር አፍጥሮ የምስር ሾርባዬን ጠጣ። «እትዬ፣ ባልዎ ዕቃ አይጥሉም ነበር» አለኝ።

«የሚጥለውን እኔ ነበርኩ የምጥለው» አልኩት።

ኅዳር 27

ችግር አለ። እዚህ ካስገባነው፣ ይህ ሽማግሌ ራዲያተር የሎጊያን ሙቀትና ክዳኑን አንድ ላይ አይችልም፤ ሚሌ ሳንደርስ ይፈላል አለ ሱሩር። ስለዚህ በእጃችን ይዘን ሄደን ባቲ ላይ እናስገባዋለን፤ ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። ሱሩር ለዒድ እናቱ ጋ ባቲ ይወጣልና አብሮን ይሄዳል። ስንመለስ ደግሞ ባቲ ላይ እናወልቀዋለን።

«እንዴት እንደሚገባ አሳየኝ» አልኩት። ሁለት ብሎን ነው። ፈታሁ፣ አጠበቅኩ። ማሠሮ ከመክደን አይከብድም። ውሃ እንዳያፈስ ከሥሩ ወፍራም ወረቀት ተቆርጦ ይገባል፤ ሱሩር ካርቶን ፈልጎ አጣ። የዚህን ደብተር የኋላ ልባስ ቆርጬ ሰጠሁት። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ደብተር ጀርባ የለውም።

ኅዳር 29

ነገ። ጋቢ ሁለት። ናሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጡቴ ሥር። ሱሩር ለእናቱ አንድ ኬሻ ስኳር ጭኗል። ኡምሰልማ «ለእህትሽ» ብላ ቴምር ላከች። ምንም አልረሳሁም። ምን ረሳሁ?

ኅዳር 30፣ ባቲ

ገባ። አንዱን ብሎን እኔ አጠበቅኩ። አያፈስም። ሱሩርን በሩ ላይ እናቱ አንገቱን ይዛ ስትስመው ትቼው ሄድኩ።

ታኅሣሥ 2፣ ወረኢሉ

አለች።

ታኅሣሥ 5፣ ሎጊያ

ገብተናል። ስንቅነሽ እደጅ በአልጋ ላይ ተጋድማ «ይህን ሙቀት ሰው ይኖርበታል?» እያለች ነው። ከመጣች ጀምሮ አላረፈችም።

ከወረኢሉ የወጣነው ረፋድ ላይ ነው። በሁለት ጋቢ ጠቀለልኳት፤ አፍንጫዋ ብቻ ቀረ። ንጋትወርቅ መስቀል አስነካቻት። ጉጉፍቱ ላይ ውርጩ ጥላ ጥላው ላይ እንደ አፋር ጨው ነጥቷል። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፤ በዚያው ስንጥቅ ያፏጫል። ጥጋቡ እጀታውን ሲጎትት ዓይኔን ጨፈንኩ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ እግሬ ላይ የሆነ ነገር መጣ። የላም ትንፋሽ አይደለም። የምጣድ ዳር ነው።

ጥጋቡ ግን ጮኸ። «እትዬ! መርፌዋ ተነሣች! ሞቀ! ልቁም?»

«ይሙቅ! ንዳ!»

«ግማሽ ደረሰች እኮ!»

«ትድረስ! አምስት ዓመት ተኝታ ነው፤ ተዋት ትነሣ!»

መስታወቱ ከሥሩ ጀምሮ ጠራ። ሜዳው በሙሉ ወለል ብሎ ታየ። ባርኔጣው ጥጋቡ ራስ ላይ ዋለ። ስንቅነሽ አንዱን ጋቢ ጣለች። ቆይታ ሁለተኛውን። ቆይታ ጫማዋን አወለቀች። አንዴም አላሳለችም፤ ቆጥሬ ነበርና አውቃለሁ።

«ውቤ፣ ሞቀኝ። መስኮቱን ክፈቺልኝ።»

«አልከፍትም።»

«አላበኝ እኮ!»

«ላብሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ወር ሙሉ የለፋሁበት ላብ ነው!»

ጥጋቡ በሳቅ መሪውን ሊለቅ ደረሰ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋን ሳል አልቀማትም። ጉጉፍቱን እንዲህ እየተጨቃጨቅን አለፍነው።

ደሴ ልንገባ ስንል ብቻ፣ ወደ ውጭ እያየች፣ «ያኔ የላክሁልሽን ደብዳቤ መጨረሻውን አንብበሽው ነበር?» አለችኝ።

«ጉልላት አንብቦልኛል» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች።

ባቲ ላይ ሱሩር የዒድ ልብሱን ለብሶ እጅጌውን ሰብስቦ ጠበቀን። ብሎኑን ግን እኔ ፈታሁ። «የጋራዡን ቁልፍ ልስጥዎት?» አለኝ።

ታኅሣሥ 11

ስንቅነሽ ዛሬ ያለ ከዘራ እስከ ድልድዩ ሄዳ ተመለሰች። ከኡምሰልማ ጋር ተወዳጅተው እኔን ያማሉ።

እሷ በሌለችበት ሣጥኑን ከፍቼ ያን ደብዳቤ አወጣሁ። ዳሩ ላይ የስኳሩ ቆርቆሮ ዝገት ክብ ምልክት አለበት። «እናትሽ» የሚለውን አልፌ አነበብኩ።

«ይህን በወረቀት መላኬ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አጎታችንን ልኬልሽ ነበር፤ ባቲ ላይ ወባ ጥሎት በቃሬዛ መለሱት። ሌላ ቆላ የሚወርድ ሰው አጣሁ። ጉልላት ሆይ፣ ይህን ከማንበብህ በፊት ጎረቤት ጥራላት። ውቤ፣ አርባዋን አላወጣም። ሰማንያው ድረስ እጠብቅሻለሁ።»

ጉልላት ደብዳቤውን የገለጠው እናታችን በሞተች በስልሳኛው ቀን ግድም ነው። ሰማንያው ሃያ ቀን ቀርቶት ነበር።

«ከዚህ ወዲያ አንዲት ቃል እንዳታነብ» ያልኩት እኔ ነኝ።

እርሳሴ ደነዘዘ። ልቀርጸው ወጣሁ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ስትመለስ ነገርኳት። ቁጭ አድርጌ፣ ሁሉንም። ጉልላት አላነበበልኝም፤ ያላስጨረስኩት እኔ ነኝ አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣

«በሰማንያው ቀን በሩን ሳይ ዋልኩ» አለች። ቆየችና፣ «ጠላው ግን ኮምጥጦ ነበር። ብዙ አልቀረብሽም» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ስቄ ሳበቃ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ፤ ላብ ነው። ሎጊያ ነዋ።

ለግንቦት ተስማማን። ያኔ ደጋው ይለዝባል፤ እናታችን የተቀበረችበት ደብር እንወጣለን። ማታ ማታ ብርዱ አይታመንምና ናሱ ያስፈልጋል። ከገጹ ላይ አንሥቼ ወደ ቆርቆሮው መለስኩት፤ ለነፋሱ ከአዋሽ ዳር ድንጋይ አመጣሁ። ስንቅነሽ ክዳኑን ተቀብላኝ ጽሕፈቱን ወደ ብርሃን አዞረች።

«‹ስንወጣ› ይላል። እነማን ናቸው?»

«አንብቢያ» አልኳት፤ «ከሁለታችን ፊደል ቀድማ የተማረችው አንቺ ነሽ።»